ሳትበላ አታስተርጉም

የካቲት 9፣ ሰኞ

ጾም ገባ። መዝገብ ቤቱም ችሎቱም ጥበቃውም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አይቀምስም። እኔ ቁርሴን ቤቴ በልቼ እመጣለሁ፤ ማን ያየኛል። ጣጣው ረፋድ ላይ ነው። የጠዋቱ መርፌ ሥራውን ሲጀምር አንድ ነገር ካልቀመስኩ ወለሉ ይዞርብኛል። ስለዚህ ዛሬ ዳቦዬን በሹራቤ ሸጉጬ ሽንት ቤት ገብቼ በላሁ። የተከበረው ፍርድ ቤት አስተርጓሚ፣ ወይዘሮ ዘውድነሽ፣ ሽንት ቤት ቆማ ደረቅ ዳቦ ታላምጣለች። እሰይ!

ከሰዓት ፕሬዚዳንታችን ዳኛ አየነው ጠሩኝ። የአስተርጓሚው መደብ ከፋሲካ በኋላ በቋሚ ይሞላል። «ሥራሽን ወድጄዋለሁ፤ የምፈርመውም እኔ ነኝ» አሉ። ሁለት ዓመት በኮንትራት ስንጠለጠል ኖሬ ቋሚ! ደስ ብሎኝ ስወጣ በሩ ላይ ትዝ ያለኝ እንግዳው የሚባል ሰው ነው። ከእኔ በፊት በዚህ ወንበር የነበረው እሱ ነው። የሚጥል በሽታ ነበረበት፤ አንድ ቀን ችሎት መሃል ወደቀ። ማንም አልተቆጣውም። «ሥራው ከብዶሃል፣ ጤናህን ጠብቅ» ብለው በፍቅር ሸኙት፤ ጋቢ ሸለሙት። አሁን አዲስ ቅዳም ከተማ ከሰል ያስጭናል አሉ። እኔ እንዲህ ያለ ፍቅር አልፈልግም። ስኳር እንዳለብኝ እዚህ ግቢ ውስጥ ማንም አያውቅም፤ ወደፊትም አያውቅም።

የካቲት 11፣ ረቡዕ

የኢንሳፍም ጾም፣ ረመዳን፣ ዛሬ ገባ። ኢንሳፍ ከፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት ሱቅ አላት። «ዘንድሮ አገሩ በሙሉ ጾመኛ ሆነ፤ አንቺ ብቻ ቀረሽ» ብላ ሳቀችብኝ። እናቷ ያረፉት በስኳር ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከረሜላ ስገዛ ገብቷት ዝም ብላኛለች። ከሱቁ ጀርባ የስኳር ጆንያ ላይ አስቀምጣ (ይኸም አለ!) ቴምር ሰጠችኝ። እሷ አፏን ዘግታ ቆማ እኔ በላሁ። ሽንት ቤቱን ተሰናበትኩት።

ለመሳፍንት ደወልኩ። አላነሳም። ባሌ ጫግኒ ነው፣ በአይሱዙ እህል ያመላልሳል። እዚያ ኔትወርክ አስቸጋሪ ነው።

የካቲት 17፣ ማክሰኞ

ተያዝኩ።

ኢንሳፍ ዕቃ ልታመጣ ሄዳ ሱቁ ዝግ ነበር። መዝገብ ቤት ከመደርደሪያው ጀርባ ገብቼ ዳቦዬን ስገምጥ እትየ ካሳነሽ ደረሰችብኝ። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ናት፤ ከእሷ የሚያመልጥ መዝገብም ወሬም የለም። ዳቦው አፌ ውስጥ እንዳለ ተፋጠጥን። «አንቺ!» አለች። ከዚያ ዓይኗ ወደ ሆዴ ወረደ፣ ፊቷ በራ። «ውይ እኔን! ስንት ወርሽ ነው?»

አይደለሁም ልል ነበር፤ እግዜር ያውቃል። ግን አይደለሁም ካልኩ ቀጥሎ የሚመጣው «ታዲያ በጾም ቀን ምን ሆነሽ ነው የምትበይው» ነው። ሃይማኖቷን ለወጠች ይሉኛል፤ ወይ ታማለች ይሉኛል። አንገቴን ደፋሁ። እሷ ደግሞ አንገት የደፋች ሴት ምን ማለቷ እንደሆነ ማንንም አትጠይቅም።

«ብይ፣ ብይ! ነፍሰ ጡር ምን ጾም አለባት» ብላ እሷው በሩን ጠበቀችልኝ። ዳቦዬን በልቼ ጨረስኩት።

የካቲት 20፣ ዓርብ

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ችሎት ይገባል። ዛሬ ወንበሬ ላይ ትራስ አገኘሁ። ወገኔ የሚባለው የችሎቱ ጸሐፊ መዝገብ አላሸክምም ብሎ ከእጄ ነጠቀኝ። ጥበቃው አባባ «እንኳን ማርያም ጎበኘችሽ» አሉኝ። እትየ ካሳነሽ በሳህን ተልባ በእንጀራ ፈትፍታ አመጣች፣ የተቀቀለ ድንችም በሚጥሚጣ። እሷ ጾሟን ነች፤ አጠገቤ ቁጭ ብላ እስክጨርስ ታየኛለች። «ባለቤትሽ ሰማ?» «ሰምቷል።» «ምን አለ?» «ደስ አለው።»

ደስ ያለው ሲመስለኝ ደግሞ እኔም ደስ አለኝ። ዕብደት ነው።

ባለፈው ዓመት በዚሁ ወር ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኝቼ ስመለስ «የት ጠፋሽ» ያለኝ ሰው የለም። «ጉንፋን ነው» አልኩ፤ «አይዞሽ» አሉ፤ አለቀ። አሁን ሰው ሁሉ ዕቃዬን ይዞልኝ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እስከ ፋሲካ ብቻ። ከዚያ አንድ ነገር እፈጥራለሁ። ሴት ስንት ነገር ይደርስባታል።

የካቲት 25፣ ረቡዕ

መሳፍንት ሦስቴ ተደውሎለት አላነሳም። መልእክት ልኬ ነበር። ኔትወርክ ነው።

የካቲት 29፣ እሑድ፣ መጻጉዕ

ቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ ግድግዳው ሥር ቦታ ለቀቁልኝ። «ተቀመጪ፣ አንቺ አትቁሚ።» ተቀመጥኩ። ካህኑ ስለዚያ ሠላሳ ስምንት ዓመት ስለተኛው በሽተኛ ሲያስተምሩ «ጤና ብቻ አይደለም የጎደለው፤ ደግፎ የሚያነሳው ሰው ነው» አሉ። አለቀስኩ። ጎኔ ያለችው ሴትዮ «ነፍሰ ጡር እንባዋ ቅርብ ነው» ብላ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። ለሌለ ልጅ ስንቱ ቦታ ይለቃል!

መጋቢት 1፣ ማክሰኞ

ይህን ልጽፈው አልፈልግም። ግን ካልጻፍኩት ነገ ሌላ አድርጌ አስታውሰዋለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ።

አስተርጓሚ የራሱ ቃል የለውም። ባለጉዳዩ በአዊኛ «እኔ» ሲል እኔም በአማርኛ «እኔ» እላለሁ። ከተሳደበ እሳደባለሁ። የወደድኩትን አላስረዝም፣ የጠላሁትን አላሳጥር። በዚህ ነው የማልኩት።

እማማ ምህረቴ የሚባሉ አሮጊት ናቸው፣ ከአዲስ ቅዳም ወዲያ ከገጠር። ባላቸው ተክለውላቸው የሞቱት የዲከረንስ ዛፍ አለ፤ ለከሰል የሚሆነው። ዋርሳቸው፣ ይሄነው የሚባል የባላቸው ወንድም፣ የወንድሜ ነው ብሎ መቁረጥ ጀመረ። ጉዳዩ በዳኛው ቢሮ ነበር የታየው። ዳኛ አየነውና ወገኔ የመጡት ከምሥራቅ ጎጃም ነው፣ አዊኛ አይሰሙም። እዚያ ክፍል ውስጥ ሁለቱንም ቋንቋ የምናውቅ እኔና ይሄነው ብቻ ነን።

ከእሳቸው በፊት የነበረው መዝገብ ረዘመ፣ ስድስት ሰዓት አለፈ። ቴምሬ በቦርሳዬ መዝገብ ቤት ቀርቷል። ላብ በጀርባዬ ሲወርድ ይሰማኛል። እማማ ምህረቴ ተነሥተው ተናገሩ። ሁሉንም ሰምቼዋለሁ። «መጥረቢያው እየሠራ ጥዬው ነው የመጣሁት። ዳኛው ዛሬውኑ ያስቁሙልኝ፤ ካለዚያ የሚቆም ዛፍ አላገኝም» ነው ያሉት። እግድ ነው የጠየቁት። ሰምቼዋለሁ። አማርኛው ግን አልመጣልኝም። አፌን ከፈትኩ፣ ባዶ። ስኳር ሲወርድብኝ መጀመሪያ ጥሎኝ የሚሄደው ትምህርት ቤት የተማርኩት ቋንቋ ነው።

እሳቸው ንግግራቸውን አቁመው አዩኝ። በአዊኛ «ልጄ፣ እጅሽ ይንቀጠቀጣል። ታመሻል እንዴ?» አሉኝ።

ዳኛው «ምን አሉ?» አሉ።

ከዚያ ክፍል መውጣት ብቻ ነበር የምፈልገው። እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም። «ምስክሮቼን አሰባስቤ እስክመጣ ረዘም ያለ ቀጠሮ ይሰጠኝ» አልኩ። በእሳቸው «እኔ» ነው ያልኩት። ዳኛው መዝገባቸውን ገለጥ አድርገው ለሚያዝያ 12 ቀጠሩ። ይሄነው መጀመሪያ ደነገጠ፤ ከዚያ አንገቱን አቀርቅሮ ፈገግ አለ። ለእማማ ምህረቴ ቀጠሮውን ስነግራቸው «ዛፉስ?» አሉኝ። «ያኔ ይታያል» አልኳቸው።

ሮጬ መዝገብ ቤት ገባሁ፣ ቴምሩን ከነፍሬው ልውጠው ምንም አልቀረኝ። እትየ ካሳነሽ ጀርባዬን እያሸች «ያቅለሸልሽሻል አይደል፤ ወንድ ሳይሆን አይቀርም» ትላለች። ሰውነቴ ሲመለስ የሠራሁት ሥራም አብሮ ተመለሰ። ወጥቼ ባያቸው እማማ ምህረቴ ሄደዋል።

ነገ ጠዋት ለዳኛው እነግራቸዋለሁ። ግን ምን ብዬ ነው የምነግራቸው? ለምን እንዲህ አደረግሽ ሲሉኝ የምመልሰው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ እሱን ካልኩ እንግዳው ሆንኩ።

መጋቢት 2

አልነገርኳቸውም።

መጋቢት 3

ስብሰባ ላይ ናቸው።

መጋቢት 7፣ ሰኞ

ዛሬ ብቻቸውን ነበሩ። «ምነው ዘውድነሽ?» አሉኝ። «ምንም፣ በሩን ልዝጋው ብዬ ነው» አልኩ። ዘጋሁት። ከውጭ በኩል።

መጋቢት 9፣ ረቡዕ

የስኳር ክትትል ቀኔ። «ለእርግዝና ክትትል ነው» ብዬ ፈቃድ ጠየቅኩ፤ ወዲያው ተፈቀደልኝ። ድሮ ፈቃድ ለማግኘት አጎቶቼን ተራ በተራ ስቀብር ነበር። መንገዱ ተዘግቶ ስለሰነበተ መድኃኒቱ በቅጡ አልገባም፤ ካለችው አካፍለው ሰጡን። ነርሷ «ጾም ነው ብለሽ ምግብ እየዘለልሽ ነው?» አለችኝ። «አልዘልም» አልኩ። «ሌሊት ቢወርድብሽ የሚቀሰቅስሽ፣ አብሮሽ የሚያድር ሰው አለ?»

«ባለቤቴ አለ።»

አለ ማለት፣ ጫግኒም ቢሆን አለ ነው። አልዋሸሁም።

መጋቢት 11፣ ዓርብ

ኢድ ነው። ኢንሳፍ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ሱቋ በር ላይ ጠራችኝ። «አረገዝሽ አሉ። እንኳን ደስ ያለሽ ልበል?»

«ኢንሳፍ፣ ዝም በይ፤ በሞቴ።»

«እኔማ ዝም እላለሁ፣ ለምጄዋለሁ። ሆድሽ ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ወሩ ሲገፋ ይጠይቁታል።» ከዚያ አልሳቀችም። «በሽታሽን ደብቂ፣ የእናቴም ጠባይ እንዲሁ ነበር። ደብቃ ደብቃ ነው የሞተችብን።»

ተቀየምኳት። በበዓሏ ቀን ሳልመርቃት ሄድኩ።

መጋቢት 15፣ ማክሰኞ

እትየ ካሳነሽ የሕፃን ኮፍያ ሠርታ አመጣች። ቢጫ ሹራብ። «ለወንድም ለሴትም ይሆናል» አለች። የራሷ ልጅ አልቆመላትም፣ ሁለት ቀብራለች፤ ዛሬ ነው የነገረችኝ። እጄን ይዛ ነው የነገረችኝ።

ማታ ኮፍያውን ቡጢዬ ላይ አጠለቅኩት። ልክ ነው የሚሆነው። ስንት ሰዓት እንደዚያ እንደተቀመጥኩ አላውቅም።

መጋቢት 16፣ ረቡዕ

ቤት ስገባ በሬ ላይ አንድ ጆንያ ከሰል ቆሟል። አከራዬ ተቀብላ ነው። «ይሄነው የሚባል ሰው ነው። ‹ለአስተርጓሚዋ፣ ለውለታዋ› ብሏል።»

የማን ዛፍ እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልገኝም።

የእንጅባራ ብርድ አጥንት ይገባል። ጋቢ ደርቤ ጆንያው አጠገብ ተቀምጫለሁ። አላነድኩትም። አልጣልኩትም። እሱ ያስባል፣ ገዝቶኛል ብሎ። አልተገዛሁም እንዳልል፣ በነፃ ነው የሰጠሁት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ እኔ?

መጋቢት 18፣ ዓርብ

ወገኔ ለእህቱ ሠርግ ዕቃ ሊገዛ ጫግኒ ወርዶ ነበር። ጠዋት እየሳቀ ገባ። «ባልሽን መናኸሪያ አገኘሁት! እንኳን ደስ ያለህ ብዬ አቀፍኩት።»

«ምን አለ?»

«ደስታ ነው መሰለኝ ምላሱ ተያዘ።»

ቀኑን ሙሉ ማን ምን እንዳለ አልሰማሁም። በደመ ነፍስ አስተረጎምኩ።

መጋቢት 19፣ ቅዳሜ

ድንች እየላጥኩ ስልኬ ጠራ። «መሳፍንት» ይላል። ቢላውን የት እንደጣልኩት አላውቅም። መጀመሪያ ፀጉሬን ነካ ነካ አደረግኩ፣ የሚያየኝ ይመስል። «ወዬ» አልኩት፣ እንደ ድሮዬ።

«ከማን ነው?» አለኝ።

ሰላምታ የለም። ደህና ነሽ የለም።

«ከመስከረም ወዲህ ያንን ቤት ረግጬው አላውቅም። ከማን ነው? ሰው መሃል አዋረድሽኝ።» ከበስተጀርባው የሴት ድምፅ ይሰማል፤ ሳህን ይንኳኳል።

አለማርገዜን ነገርኩት። ዳቦ ስበላ ተይዤ እንደሆነ፣ ሥራዬን እንዳላጣ ብዬ እንደሆነ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ። ስጨርስ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እፎይ» አለ። ዘጋው።

ከስድቡ ይልቅ እፎይ ያለው ቆረጠኝ።

ኔትወርክ አይደለም። ስድስት ወር ሙሉ ምክንያቱ ኔትወርክ ሆኖ አያውቅም። «መርፌ እያየሁ መኖር ደከመኝ፣ ልጅም አይታሰብ» ብሎ ልብሱን በማዳበሪያ ጠቅልሎ ነው የሄደው። በሩ ላይ ቆሜ «ስትደርስ ደውል» አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት። ይኸው ተጻፈ።

መጋቢት 22፣ ማክሰኞ

እማማ ምህረቴ ቀጠሯቸው ሳይደርስ መጡ። ግቢው ውስጥ ከጽዱ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከሌሊት ጀምረው በእግራቸው፣ ከዚያ በጋሪ።

«ቆርጦ ጨረሰው» አሉኝ። «የቀረው ጉቶና ጭስ ነው። ዳኛው ቀጠሮውን ለምን እንዳረዘሙት አልገባኝም። ደኅና ሰው ይመስሉኝ ነበር።»

እኔ ነኝ ልላቸው በአዊኛ አልቻልኩ፣ በአማርኛም።

አገጬን ይዘው ፊቴን ወደ ብርሃን አዞሩት። «አሁንም ገርጥተሻል። ያን ቀንም ነግሬሽ ነበር። በሽታሽን ሰው ያውቅልሻል?» ከቋጠሯቸው የተቀቀለ ድንች አወጡ። እሳቸው ይጾማሉ፤ ድንቹ ለመንገድ፣ ለዘጠኝ ሰዓት የያዙት ነው። «ብይ። በሽተኛ ጾም የለበትም።»

በዚህ ጾም ያበላኝ ሁሉ ለሌለው ልጅ ነው ያበላኝ። እኔን አይተው ያበሉኝ ኢንሳፍና እሳቸው ብቻ ናቸው። ድንቹን በላሁት። ምን ዓይነት ጉሮሮ ቢኖረኝ ነው የበላሁት?

ቀጠሮው እንደማይቀየር ነግሬ ሸኘኋቸው። እውነት ነው፣ አይቀየርም። የቀየርኩት እኔ ነኝ።

መጋቢት 28፣ ሰኞ፣ ሕማማት

ለእትየ ካሳነሽ ነገርኳት። መጀመሪያ ለእሷ መንገር ያለብኝ መሰለኝ፤ ኮፍያውን ይዤ ስለነበር።

ስኳር ነው አልኳት። ከአሥራ ስድስት ዓመቴ ጀምሮ። ልጅ የለም፣ አልነበረም። አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻል ነበር። መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። «በጾም ቀን፣ ስለ ሁለቱ ልጆቼ እየነገርኩሽ፣ እጅሽን ይዤ…» አለች፤ አልጨረሰችውም። ከዚያ «ኮፍያውን መልሽልኝ፣ የእህቴ ልጅ ትወልዳለች» አለች። አጥፌ ሰጠኋት።

አራት ሰዓት ሳይሞላ ግቢው በሙሉ አወቀ። ትራሱ ከወንበሬ ተነሥቷል። ማንም ክፉ አልተናገረኝም። ወገኔ መዝገቡን አስታቀፈኝና ሄደ፤ ከባድ ነበር። ረፋድ ላይ ዳቦዬን ጠረጴዛዬ ላይ አውጥቼ በላሁ። ሁሉም ሌላ ሌላ ቦታ ያያል።

ዳኛ አየነው እስካሁን ምንም አላሉም። የቋሚነቱ ደብዳቤ ከፋሲካ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሚያዝያ 15 ሐሙስ፣ ይፈረማል ተብሏል። ስኳሬን እያወቁም ሊፈርሙ ይችላሉ፤ የሰው ልብ ማን ያውቃል። የእማማ ምህረቴን ነገር ግን የሚያውቅ የለም። ዝም ካልኩ አለፈልኝ።

ሚያዝያ 4፣ ፋሲካ

ከሌሊት ጀምሮ ሰፈሩ ሥጋ ሥጋ ይሸታል። አከራዬ ሳህን ላከችልኝ፣ ራሷ ግን አልመጣችም። ሁለት ጊዜ በሩ የተንኳኳ መስሎኝ ተነሥቻለሁ።

ሦስተኛው እውነት ነበር። ኢንሳፍ። «የእናንተን ሥጋ አልበላም፣ የኔን አትበይም፤ ስለዚህ ድንች ቀቅዪ» አለች። ቀቀልኩ። ኢድ ዕለት ስላኮረፍኳት ይቅርታ ጠየቅኳት። «ተይው፤ እናቴም ኩርፊያ ትወድ ነበር» አለች። ከዚያ ጆንያውን አየችው። «ይህን ሁሉ ከሰል ይዘሽ በብርድ የምትቀመጪው ምን ሆነሽ ነው?»

ነገርኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ድንቹን ላጠች። ሲበቃት «እኔ ከረሜላ ሻጭ ነኝ፣ ሕግ አላውቅም። ግን ያች አሮጊት ቆማ እያየችሽ ስንት ጊዜ ልታስተረጉሚላት ነው?» አለችኝ።

ሚያዝያ 12፣ ሰኞ

ጠዋት ጆንያውን በባጃጅ ጭኜ ወሰድኩት። ባለ ባጃጁ «ፍርድ ቤት ከሰል ማንደድ ጀመረ?» አለኝ። «ዛሬ ይነድዳል» አልኩት። ቀልዴ ለራሴም አላሳቀኝም።

ዳኛው መዝገቡን ሲጠሩ እማማ ምህረቴ በአንድ በኩል፣ ይሄነው በሌላ። ጆንያው በሩ ላይ። ዳኛው «ይህ ምንድን ነው?» አሉ።

«ክቡር ፍርድ ቤት» አልኩ፣ «ከማስተርጎሜ በፊት የራሴን ቃል ልናገር።»

ወገኔ ከጽሕፈቱ ቀና አለ። በሁለት ዓመት ውስጥ በዚያ ክፍል በራሴ «እኔ» ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ባለፈው ከሳሽ ቀጠሮ አልጠየቁም አልኩ። እግድ ነው የጠየቁት። ስኳሬ ወርዶ ነበር፣ በሽታዬ እንዳይታወቅ ለመውጣት ብዬ በስማቸው ዋሸሁ። ተከሳሹ ሁለቱንም ቋንቋ ስለሚያውቅ ሰምቷል፤ ዝም አለ፣ ከዛፉ ያከሰለውን ለውለታዬ ላከልኝ። ከሰሉ ያውና።

ይሄነው «ውሸት ነው! አቅሏን ስታ ነው» ብሎ ተነሣ። ዳኛው «ተቀመጥ!» አሉት። ወደ እኔ ዞሩ። «ይህን ባትናገሪ ሐሙስ እፈርምልሽ እንደነበር ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ለከሳሽ ንገሪያቸው። ሌላ አስተርጓሚ የለኝም።»

ለዳኛው መናገሩ ቀላል ነበር። ዞርኩ። በአዊኛ፣ በእናቴ ቋንቋ፣ ያንኑ ደገምኩት። ዛፍዎን ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። ድንቹንም በልቼ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። እማማ ምህረቴ ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። ከዚያ ተናገሩ።

ዳኛው «ምን አሉ?» አሉ።

እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። በድንጋጤ ይሁን በስኳር አልለየሁትም። አላስረዘምኩም፣ አላሳጠርኩም።

«‹ዛፌን ያስቆረጠችው ይህች ልጅ ናት። ያን ቀን እጇ ሲንቀጠቀጥ አይቼ ያዘንኩላት እኔ ነኝ። ዛሬ አላዝንላትም። ባሌ የተከለው ነው፤ በእንባዋ አይበቅልም። ግን ሳትበላ አታስተርጉምልኝ። ካለዚያ ዛሬም ቃሌን ትጥልብኛለች።›»

ወገኔ ሁሉንም ጻፈው።

ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። «አስተርጓሚዋ እህል እስክትቀምስ ችሎቱ ተቋርጧል። ይኸም ይጻፍ» አሉ። ማንም አልወጣም። በሩ ተከፍቶ እትየ ካሳነሽ ገባች፤ ለካ ከውጭ ስታዳምጥ ነበር። ዳቦና አንድ ብርጭቆ ሻይ ፊቴ አስቀመጠች። ስኳሩን ጨምራበታለች። አላየችኝም፣ አልተናገረችኝም፤ ብርጭቆውን ግን ወደ እጄ ጠጋ አደረገችው።

በዳኛው ፊት፣ በጸሐፊው ፊት፣ በከሳሽና በተከሳሽ ፊት ቁጭ ብዬ በላሁ። እማማ ምህረቴ እስክጨርስ ሲያዩኝ ነበር። ስጨርስ «አሁን ንገሪያቸው» አሉኝና ከመጀመሪያው ጀመሩ። አንድ ቃል አልጣልኩም።

ለቀረው ጉቶና መሬት እግዱ ተሰጠ፤ ለተቆረጠው ካሳ እንዲገመት ታዘዘ። ስለ እኔ ደግሞ ዳኛው በኋላ ቢሮ ጠርተው ነገሩኝ። ጉዳዬ በዲሲፕሊን ይታያል፣ ኮንትራቴ በሰኔ ያልቃል፣ ቋሚነቱ ቀርቷል። «እስከዚያ ግን ከእያንዳንዱ መዝገብ በፊት በልተሽ ግቢ፤ ትእዛዝ ነው» አሉ። ስወጣ የማስበው ለነገ የምይዘውን ዳቦ ነበር።

እማማ ምህረቴን እስከ ባጃጁ ሸኘኋቸው። ክንዴን ስሰጣቸው አልያዙኝም። አልገፉኝምም። ሲሳፈሩ ስልኬ ጠራ፤ መሳፍንት። ኔትወርኩ ሙሉ ነበር። አላነሳሁትም፤ የእማማ ምህረቴን ቋጠሮ ይዤ ነበር።